ከበሩ ውጭ ያለው ሳል

ዓረብ አገር፣ አብዱን በሚባል ሰፈር ባለው ቤት የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እኔና የማስታምማቸው ሽማግሌ። ልጆቻቸው "ባባ" ስለሚሏቸው እኔም ባባ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። በልብ ድካም ተኝተው ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ ሲጋራ ከደገሙ ልባቸው እንደማይችል ቁርጡን ነገራቸው። ብዙም ሳይቆይ ኮሮና ገባ፤ ሐዝር የሚሉት ሰዓት እላፊ ታወጀ። የሰዓት እላፊው ሳይረን ከጮኸ በኋላ መንገዱ ላይ ከድመት በቀር የሚታይ አልነበረም።

እኔ ሁዳዴ ላይ፣ እሳቸው ሐኪም ባዘዘው ምግብ ላይ ስለነበርን ምግባችን አንድ ሆነ፤ ምስር፣ ጎመን፣ ጨው ያልነካው ፉል።

"ያ ቢንቲ፣ መነኩሴ ልታደርጊኝ ነው?"

"መነኩሴ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ባባ።"

"ይህን እየበላ? ምን ሊያደርግለት!"

ሲጋራውን ከተዉ ሰንበት ሲል ሳላቸው ጠፋ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ከምሳ በኋላ ሲተኙ በሕይወት መኖራቸውን የማውቀው በሳላቸው ነበር፤ አሁን ቤቱ ጭጭ አለ። የመኝታ ክፍላቸውን በር እንዳልከፍት አፍራለሁ። ስለዚህ እንደ አገሬ ልማድ ደጃፉ ላይ ቆሜ "እህህም" እላለሁ፤ አልጋው ሲጥ ሲል ስሰማ ወደ ኩሽና እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ግን በሩ ተከፈተ። ባባ ያልተለኮሰ ሲጋራ ከንፈራቸው ላይ ሰክተዋል፤ ከየት እንዳገኙት እንጃ። የሚያዩት እኔን ሳይሆን በኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን በረንዳ ነው።

"ሰማሻት?" አሉኝ።

"ማንን፣ ባባ?"

"ሚስቴን። በረንዳው ላይ አብረን እንድናጨስ ስትፈልግ በር ላይ ቆማ እንዲህ እየሳለች ነበር የምትጠራኝ። ሰሞኑን በየቀኑ ትመጣለች።"

ሚስታቸው የሞቱት እኔ ወደዚያ ቤት ከመምጣቴ በፊት ነው።

"እኔ ነኝ፣ ባባ። ደህና መሆንዎን ለማወቅ ብዬ ነው" አልኩና እዚያው ሳልኩላቸው።

ሲጋራውን ከከንፈራቸው ላይ አነሱት።

"በዚህ በኮሮና ዘመን ሰው በር ላይ ይስላል? ወላሂ፣ ልትገድይኝ ነበር!" ብለው ሲጋራውን ሰብረው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። "ከዛሬ ጀምሮ አንኳኪ።"

በማግስቱ ከምሳ በኋላ አንኳኳሁ።

"አለሁ፣ ያ ቢንቲ" አሉ ከውስጥ። "ግን ካንኳኳሽ መሳሉን ተዪው እንጂ!"

አልሳልኩም ነበር። ገና ከኩሽና መምጣቴ ነው። ወደ በረንዳው ዞር አልኩ። ባዶ ነው።

ከውስጥ አልጋው ሲጥ አለ። ሊነሱ ነው።

"ይቅርታ፣ ባባ" አልኩ ቶሎ ብዬ። "እኔ ነኝ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።"