ማንም ሳይነካው የሚልክ ሳጥን

ልጄ በመካከለኛው ኮምፒውተር ፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እኔ ከግድግዳው ጥግ ፎቶ ኮፒው አጠገብ ቆሜ የፈተና ወረቀት በትልቁ ስቴፕለር እመታለሁ። ከወልቂጤ ያስመጣነው የኮምፒውተር ባለሙያ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ገመድ ያያል። በሩ ላይ ከእንሴኖ የመጣ የበርበሬ ነጋዴ ቆሟል፤ ዱላ ይዟል። ከኋላው ታናሽ ወንድሙ አንዱን የበር ክንፍ ገፍቶ ይዘጋል። የነጋዴው ሚስት በረንዳው ላይ ናት፤ በቀረው ክፍተት ትታየኛለች። ሌላ ሰው አልነበረም።

ቤቱ ቡታጅራ ውስጥ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ነው። የልጄ ነው። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የትምህርት ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ቤት መዋል ስለማልወድ እየሄድኩ ወረቀት አግዘዋለሁ።

በዚያ ሰሞን ኢንተርኔቱ መንቀርፈፍ ጀምሮ ነበር። ቀጥሎ መስመሩን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ተደወለ። ከቤታችሁ ያልተፈለገ ኢሜይል በብዛት እየወጣ ነው፣ ካላቆማችሁ እንቆርጠዋለን አሉ። ልጄ ለማንም ምንም አልላከም። ባለሙያው ማለዳ ደርሶ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ፈተሸና መካከለኛው ላይ ሲደርስ "ይኼ ተይዟል" አለ። ሩቅ ያለ ሰው በስውር ፕሮግራም ያዘዋል። እንዲህ የተያዙ ኮምፒውተሮች በየአገሩ አሉ፤ ሁሉም ለአንድ አዛዥ ይታዘዛሉ፣ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ ቀንና ሌሊት ኢሜይል ይረጫሉ። በየሰዉ ስልክ የሚገባው የማጭበርበሪያ መልእክት አብዛኛው የሚወጣው ከእነዚህ ነው አለን። ለእኔ አልዋጥልኝ አለ። የእኔ ታይፕራይተር ጣት ካላረፈበት ፊደል አያወጣም ነበር።

እንዴት እንደገባም ነገረን፤ በፍላሽ ነው። ማሽኑ ውስጥ የቀረውን የፋይል ስም ሲያነብልን ልጄና እኔ ተያየን። የማን እንደሆነ ሁለታችንም አወቅን። አንዲት ሴት ከወልቂጤ የመጣ የእህቷን የሠርግ ፎቶ ልታሳትም ይዛው መጥታ ነበር። ስትሰካው ማኅደሮቹ ሁሉ መልካቸው ተለውጦ ታየ፤ ልጄም ይከፈት እንደሆነ ብሎ አንዱን ተጫነው። ያን ቀን ዱካ ሰጥቻት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ባለቤቷ ከዚያች እህቷ ጋር መገናኘቷን እንደማይወድ፣ ፎቶውን ሳያይ እንደምትደብቀው ነግራኛለች። ስትናገር የክንዷን ልብስ ወደ ታች ትስበው ነበር። አሁን በረንዳው ላይ የቆመችው እሷ ናት።

ለባሏ ኢሜይል ያወጣለት ልጄ ነው፤ የአሜሪካ ሎተሪ ሊሞላ መጥቶ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከእኛ ቤት አድራሻ ለካናዳ ሥራ ተመርጠሃል የሚል ኢሜይል ስልኩ ላይ ገባ። ከሚያውቀው ቤት ስለመጣ አልጠረጠረም። የገበያ መደቡን ለሌላ ለቀቀ፣ ጎረቤቱን ጠርቶ አበላ፣ ተመረቀ፣ ተሰናበተ። አዲስ አበባ ኤምባሲው በር ላይ ዘበኛው ወረቀቱን አይቶ ሳቀበት። ተመልሶ እንሴኖ ገባ።

"አሰላሙ አለይኩም አልልህም" አለው ልጄን። "ያ ኢሜይል ከዚህ ቤት ነው የወጣው?"

"ከዚህ ማሽን ነው። እኔ ግን አልጻፍኩትም።"

"ማሽኑ እጅ አለው?"

"ወንድሜን አሁን ምን እንደሚሉት ታውቃለህ?" አለ ታናሹ ከበሩ። "ካናዳ! ገበያ ሲገባ አህያ ነጂው ሁሉ 'ካናዳ መጣ፣ ብርዱ እንዴት ነው?' ይለዋል።"

"አንተ ዝም በል" አለው ነጋዴው።

ባለሙያው ከወለሉ ተነሣ። "ጋሼ፣ እዩት" አለ። "ሁላችሁም እጃችሁን አንሡ። ማንም አይንካ።" ሁላችንም መስመሩ የሚገባበትን ትንሽ ዕቃ አየን። አረንጓዴ መብራቱ ያለ ዕረፍት ይርገበገባል። "ይኸው፣ አሁን እየላከ ነው።"

"ጂን ነው ልትለኝ ነው?" አለ ነጋዴው።

"ሰው ነው። ግን ሩቅ ነው፤ የት አገር እንዳለ አይታወቅም።"

"ሩቁን አላገኘውም" አለ ነጋዴው። "ይኼን አገኘሁት።"

ዱላውን አንሥቶ በመካከለኛው ማሽን ፊት ላይ አሳረፈው። መስተዋቱ ተሰነጣጥቆ ጠቆረ። ስብርባሪው ልጄ ጭን ላይ ወደቀ።

"ሞተ" አለ ታናሹ። "ፋቲሓ አንብብለት።"

"የሰበራችሁት ማሳያውን ነው" አለ ባለሙያው። "ሳጥኑ ጠረጴዛው ሥር ነው፣ ይሠራል።" መብራቱ እንደ ቅድሙ ይርገበገብ ነበር።

ነጋዴው መብራቱን ትንሽ አየው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ። "ማሽኑ ውስጥ በምን ገባ?"

"በፍላሽ" አለ ባለሙያው። ቃሉ አምልጦት ይመስለኛል፤ ወዲያው ወደ ልጄ ዞሮ አየ።

"የማን ፍላሽ?"

"አላስታውስም" አለ ልጄ። "እዚህ ስንቱ ሰው ይሰካል።"

"ታስታውሳለህ። ስሙን ንገረኝና እተውሃለሁ።"

ነጋዴው ለወንድሙ ምልክት ሰጠው። ታናሹ በሩን ትቶ መጣና የልጄን ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ ያዘ። ስቴፕለሩን ፎቶ ኮፒው ላይ አስቀምጬ ወደ እነሱ ሄድኩ።

"እማማ፣ እርስዎን አልነካም፤ ዞር ይበሉ" አለኝ ነጋዴው፤ በክንዱም ገፋኝ። ፎቶ ኮፒው ያዘኝ እንጂ ወድቄ ነበር።

ዱላው ሲያርፍ እንጨት እንጨት ላይ የወደቀ መሰለኝ። ልጄ የሚጽፍበት እጁ ነው።

"ስሙን!"

አፌን ከፈትኩ። ሴትዮዋ በበሩ ክፍተት ትታየኛለች፤ ሻሿን በጥርሷ ይዛለች። ልጄ አየኝ።

"እማዬ፣ አንቺ አታውቂም" አለ።

ሁለተኛው ዱላ ጣቶቹ ላይ አረፈ። ደም በኪቦርዱ ቁልፎች መካከል ገባ። ባለሙያው "በቃ፣ በአላህ!" አለ፤ ከቆመበት ግን አልተነቃነቀም። ነጋዴው ዱላውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሣ ሴትዮዋ በሩን ገፍታ ገባች።

"ፍላሹ የእኔ ነው" አለች። "የእህቴን ሠርግ ፎቶ ላሳትምበት ብዬ ነው ያመጣሁት። ይህ ሰውዬ ጥፋት የለበትም፤ ተወው።"

ታናሹ የልጄን እጅ ለቀቀ። ነጋዴው ሚስቱን ከላይ እስከ ታች አያት።

"ካናዳ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ" አላት።

የመጀመሪያው ዱላ ትከሻዋን አገኛት። ተንበረከከች። ሁለተኛው ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ በፊቷ ገመዶቹ ላይ ተደፋች። ራሷን በእጆቿ ሸፈነች። የለመደችው መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ለሦስተኛው ሲያነሣ ጀርባው ወደ እኔ ነበር።

ስቴፕለሩ ብረት ነው፤ ከባድ ነው። በሁለት እጄ አንሥቼ ከጆሮው በላይ መታሁት። ዱላው ከእጁ ወደቀ፤ ራሱንም ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ደሙ በአንገቱ በኩል ወደ ሸሚዙ ወረደ። ታናሹ ወደ እኔ አንድ እርምጃ መጣ። ስቴፕለሩን አላስቀመጥኩም። ቆመ።

ነጋዴው ከወለሉ ቀና ብሎ አየኝ። "እማማ፣ እርስዎ?" አለ።

ነጠላዬን አውልቄ የልጄን እጅ ጠቀለልኩለት። ጣቶቹ ወደማይታጠፉበት ታጥፈው ነበር። ሴትዮዋን በብብቷ ይዤ አነሣኋት፤ ቆመች። መብራቱ አሁንም ይርገበገባል። የሳጥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። ልጄን አስቀድሜ፣ ሴትዮዋን በክንዷ ይዤ ወጣሁ።