የጓሮው ጎመንና የእህቴ ልብ

ሐኪሙ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር፤ አባቴ መስኮቱ አጠገብ፣ እናቴ ከራስጌ፣ እኔ ደግሞ በሩ ላይ። እህቴ ተኝታለች። ክፍሉ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ የጠዋት ፀሐይ አንሶላው ላይ አርፋለች።

ይህን ያስታወሰኝ ዛሬ የቀነጠስኩት ጎመን ነው፤ ሽታው ጣቴ ላይ ቀረ። እናቴም እህቴም አሁን ስለሌሉ ልንገርሽ፣ ልጄ።

በደርግ ጊዜ ነው። እህቴ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አሥራ አራት። በልጅነቷ የጀመራት የጉሮሮ ሕመም ወደ ልቧ ዘልቆ ደም የሚያሳልፈውን አንዱን ቫልቭ አበላሸባት። ውጭ አገር ተልካ በብረት ተተካላት። ቦሌ ስትመለስ የአውሮፕላኑን ደረጃ ያለማንም ድጋፍ ወረደች። አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ ደረቷ ቀጭ ቀጭ ሲል እሰማ ነበር።

"ሰዓት ዋጥሽ እንዴ?" ስላት፣

"አዎ፣ አንቺ ትምህርት ቤት እንዳታረፍጂ ብዬ" ትለኝ ነበር።

ብረቱ ላይ ደም እንዳይረጋ በየቀኑ ክኒን ትውጣለች። ካከሟት ሐኪሞች የመጣውን ወረቀት አባቴ እየተረጎመ አነበበልን፤ "አረንጓዴ ቅጠል አይብዛ፤ የክኒኑን ኃይል ያደክማል" ይላል። እናቴ ሰላጣ መሰላት። "ሰላጣ እኛ ቤት መቼ ተበልቶ ያውቃል?" ብላ ሳቀች። ጎመን ለእሷ ወጥ እንጂ ቅጠል አልነበረም።

ሁዳዴ ገባ። እህቴ "ድኛለሁ፣ እጾማለሁ" አለች። እናቴም "ደም ይተካልሻል" እያለች ከገርጂው ጓሯችን ጎመን እየቀጠፈች ቀን በቀን አበላቻት። ዛሬ ያ ጓሮ ላይ ፎቅ ቆሟል። አንድ ጠዋት እህቴ ጸጉሯን ስታበጥር ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። "አንሺልኝ" ልትለኝ ሞከረች፤ አፏ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅዋ አልታዘዘላትም።

አባቴ ታክሲ ጠርቶ ሆስፒታል አደረሳት። የረጋ ደም ከብረቱ ተነስቶ ወደ ጭንቅላቷ መሄዱን ሐኪሙ ነገረን። ንግግሯ ይመለስ እንደሆነ አላወቀም። እናቴ ሦስት ቀን ከራስጌዋ አልተነሳችም።

በአራተኛው ቀን ነው እንዲያ በየቦታችን የቆምነው። ሐኪሙ የደም ምርመራውን ውጤት አየና፣

"ክኒኑ አልሠራም። ምን ስትበላ ነበር?" አለ።

"ጎመን" አልኩ እኔ፣ ሳላስብ።

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"ማን ነው የሚሰጣት?"

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። እናቴ የአንሶላውን ጠርዝ ታጥፍ ጀመር።

"እ... እኔ ነኝ" አለች እህቴ።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን።

"እየደበቅሁ... ከድስቱ... እወስድ ነበር። እማዬ... ከልክላኝ ነበር።"

ቃላቱ ይደናቀፉ ነበር፤ ግን ቃላት ነበሩ። ውሸት መሆኑን ሐኪሙ ብቻ አላወቀም። አባቴ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። ሐኪሙ ሊቆጣ ፈልጎ ፈገግታው ቀደመው።

"አንቺ ሌባ! ያን ያህል አገር አቋርጠሽ ያስጠገንሽውን ልብ በጎመን?"

"ይቅርታ ዶክተር... ጣፍጦኝ ነው።"

እኔ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ እህቴ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ተናግራለች፣ ቀልዳለች፣ አስተምራለች። ያን ቀን ግን ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ደክሟት ዓይኗን ጨፈነች።

እናቴ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሳመቻት። ነጠላዋን አስተካከለችና ማናችንንም ሳታይ ወጣች።