እናቴን የዋጠው አረንጓዴ ጨርቅ

ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ልጄ ሀያት ምንጣፉ ላይ ተጋድማ በስልኳ ጌም ትጫወታለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የማሽላ ዱቄት እነፋለሁ። እንዲያው ዓይኔን ጣል ሳደርግ ስልኩ ውስጥ አንድ ሰው ይራመዳል። ፊቱን አላውቀውም። ጢማም ነው፣ የብረት ልብስ ለብሷል። አካሄዱን ግን አወቅሁት። ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል፣ ቀኝ ትከሻውን ቀደም ያደርጋል። የበኩር ልጄ የጀማል አካሄድ ነው። ጀማል በዘጠኝ ዓመቱ ሰንበቴ ገበያ ከግመል ላይ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ የሚሄደው እንደዚያ ነው። ያንን እግር በወጌሻ ያሳሸሁት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኮቴውን ከመንገደኛው ሁሉ ለይቼ የማውቅ እናት አልሳሳትም።

“ይሄማ…” ብዬ ሳልጨርስ ሰውየው በእሳት ተያያዘ። ግራ እግሩን እየጎተተ ሮጠ፣ ሮጠና ወደቀ። ወንፊቱ ከእጄ ወጣ፤ ዱቄቱ ምንጣፉ ላይ ተበተነ።

“እማ! ምን ሆንሽ?”

“ወንድምሽ! ወንድምሽ ነደደ!”

“ኧረ ጌም ነው፣ እማ። ይኸው፣ ተመልሶ ይነሳል።”

እውነትም ተነሳ። አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ እንደገና እየጎተተ ሄደ። እኔን የባሰ ያስፈራኝ መነሳቱ ነው። ነዶ የሚነሳ ሰው አላውቅም።

ጀማል አዲስ አበባ ነው፤ ኮምፒዩተር ተምሮ ጌም የሚሠሩ ሰዎች ጋ ተቀጥሯል። ወዲያው ደወልኩለት። “እንዴት አወቅሽኝ?” ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ አስረዳኝ። ሰውነቱ ላይ ከአናቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነጥብ ነጥብ ለጥፈው ባዶ አዳራሽ ውስጥ አራመዱት። ካሜራዎቹ ነጥቦቹን እየተከተሉ አካሄዱን ወሰዱት፤ ወስደው ለዚያ ጢማም ሰውዬ ሰጡት።

“አካሄድህን ሰጥተህ አንተ በምን ልትሄድ ነው?” አልኩት።

“እማ ደግሞ! ይሄ እኮ የቆየ ጥበብ ነው።” የሥራውን አባቶች ታሪክ ይነግረኝ ጀመር። ድሮ፣ ሲኒማ ገና ሲጀመር፣ አንድ የፈረንጅ አስማተኛ ነበር አለኝ። አንድ ሰው ከፊቱ ያቆምና ያነሳዋል፤ ካሜራውን ያቋርጥና ሰውየውን ያስወጣዋል፤ ካሜራውን መልሶ ሲያስነሳ ሰውየው ብን ብሎ የጠፋ ይመስላል። ሌሎቹ ተራራና ከተማ መስታወት ላይ ሥለው በመስታወቱ አሳልፈው ያነሳሉ፤ ክንድ የማታህል መርከብ ሠርተው ገንዳ ውስጥ ያሰምጣሉ። ያየ ሰው ሁሉ ባሕር ነው ይላል።

“ሰው ማጥፋት የጀመሩት ከዚያ ነዋ። አያትህንም አጥፍተዋት ነበር” አልኩት።

“አያቴን? ማን?”

ለካ ነግሬው አላውቅም። ያን ቀን በስልክ የነገርኩት ይሄንን ነው።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ሰዓዳ የምትዳርበት ጥር። የጨፋ ሜዳ ማሽላ ታጭዶ መንገዱ ሁሉ አገዳ በጫኑ አህዮች ተሞልቷል፤ ከተማችን ከሚሴ በዚያ ሰሞን አቧራና ደረቅ አገዳ ትሸታለች። አባታችን ቀድሞ ሞቶብናል፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እናታችን፣ ሰዓዳና እኔ ነን። እናታችንን አዮ ነው የምንላት።

ያኔ የሰርግ ቪድዮ ብርቅ ነበር። ከኮምቦልቻ ግርማ የሚባል ቪድዮ አንሺ መጣ። ከካሜራው ይልቅ ሰው የተሰበሰበው ያመጣውን አረንጓዴ ጨርቅ ለማየት ነው። ግቢያችን ግድግዳ ላይ በምስማር ወጠረውና “እዚህ ፊት ቁሙ፤ እኔ በኋላ ከኋላችሁ ባሕር አደርግላችኋለሁ” አለ።

“ባሕሩን ለራስህ ያዘው። ወንዛችን ቦርከናም በክረምት ስትሞላ በዝታብናለች” አለችው አክስቴ ዙምራ። ሴቱ ሁሉ ሳቀ።

ግርማ እኔን ጠራኝ። “አንቺ፣ የቤቱ ልጅ ነሽ አይደል? አረንጓዴ የለበሰ ሰው እዚህ ጨርቅ ፊት እንዳይቆም ንገሪልኝ። አደራ።” ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

እሺ ብዬ ዞር ስል አዮ ከጓዳ ወጣች። ቀሚሷ አረንጓዴ ነው፣ ከራሷ እስከ ጉልበቷ የተከናነበችው ሻርፕም አረንጓዴ ነው። ሰዓዳ በሕፃንነቷ ኩፍኝ ይዟት ነፍሷ ልትወጣ ስትል አዮ የአካባቢያችን ሼኽ መቃብር ደጃፍ ሄዳ ተስላ ነበር። “ይቺን ልጅ ካተረፍክልኝ፣ በሰርጓ ቀን አረንጓዴ ለብሼ ዱዓ አደርጋለሁ” ብላ። ሻርፑን ከሳጥን እያወጣች አየር ስታስነካው እያየሁ ነው ያደግሁት። አረንጓዴ ለእኛ የዱዓ ቀለም ነው፤ መቃብሩ ራሱ የሚለብሰው እሱን ነው። ታዲያ ምን ብዬ ልንገራት? የኮምቦልቻ ሰውዬ አረንጓዴሽን አልፈልግም ብሏል ልበላት? ሰውየው ቀለማችንን የናቀ መሰለኝ፤ ተናደድኩበትም። ዝም አልኩ።

አዮ ጨርቁ ፊት ቆማ ሁለት እጆቿን ለዱዓ ዘረጋች። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነው፣ ሙሽራው ይጣደፋል። ግርማ ዓይኑን ካሜራው ቀዳዳ ላይ ተክሏል። በኋላ እንደነገረኝ በዚያ ቀዳዳ የሚታየው ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነበር።

ካሴቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ቴሌቪዥንና ዴክ ከጎረቤት ተዋስን። ከዙሁር ሶላት በኋላ ቤቱ በሴቶች ሞላ። ሰዓዳና ባሏ ባሕር ዳር ቆመው ሲታዩ እልልታው ቀለጠ። “ማሻአላህ! ውሃው እኮ ይንቀሳቀሳል!”

ቀጥላ አዮ መጣች። ፊቷ ብቻ። ፊቷና ሁለት እጆቿ።

ከአገጯ በታች ምንም የለም። ደረቷ መሆን በነበረበት ቦታ የባሕሩ ሞገድ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፊቷ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይስቃል። እጆቿ ያለ ክንድ ተዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። አንዲት ሕፃን አለቀሰች። አክስቴ ዙምራ “ሱብሃነላህ! አጥፉት! አጥፉት!” ብትልም የሚነሳ ሰው ጠፋ። አዮ ሆዷን በሁለት እጇ ዳሰሰች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ቃምኒ ኮ ኤሳ ጂራ?” አለች። አካሌ የት አለ ማለቷ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዮ መሞት ጀመረች። ሌላ ቃል የለኝም። “ሼኹ ስለቴን አልተቀበለኝም። አካሌ ከዱንያ ተነሥቷል፤ የቀረው ፊቴ ነው” አለች። የምንሰጣትን ምግብ አፏ ታደርስና ትመልሰዋለች። “የት ይገባል?” ትለናለች። ቀሚሶቿን ለጎረቤት አደለች፤ መገነዣ ከፈን ግዙልኝ አለች። ሰው እየመጣ ቁርአን ቀራላት፣ ዱዓ አደረገላት። ሲወጡ በር ላይ “ጂን ነው” እያሉ ያንሾካሽካሉ። በአሥረኛው ቀን ውሃው እንኳ በማንኪያ ሆነ።

እኔ ግን አንድ ነገር ይበላኝ ነበር፤ ግርማ ያለኝ ነገር። አረንጓዴ የለበሰ እንዳይቆም ብሎኝ ነበር። ሰውየው ይሄ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ምን እንዳደረጋት የሚያውቅ ካለ እሱ ነው።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት አክስቴን ጨፋ ሮቢት ገበያ እህል ልሸምት ነው ብዬ ዋሸሁና የኮምቦልቻ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ብቻዬን መኪና ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር። ሐርቡ ከተማ ላይ ሴቶች ፓፓያ በመስኮት ሲያስገቡ ሽታው እንኳ አስፈራኝ፤ የሞተ ሰው ቤት የሚሄድ ፍራፍሬ መሰለኝ። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ልቤ “አሁን ሞተች” ይለኛል። በስንት ጥያቄ የግርማን ቤት አገኘሁት።

ግርማ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። እናቴ ከፈን ግዙልኝ ማለቷን ስጨምርለት ተወው።

“ነግሬሽ አልነበረም እንዴ?”

“ነግረኸኛል።”

“ለምን አልነገርሻትም ታዲያ?”

ግርማ አረንጓዴ የጨርቅ ቁራጭ አመጣና እጄን እስከ አንጓዬ ጠቀለለው፤ ግድግዳው ላይ በተወጠረው ጨርቅ ፊት አቁሞኝ ካሜራውን አዞረብኝ። ኮምፒዩተሩ ላይ ሳይ ክንዴ አንጓው ላይ ተቆርጧል። ከዚያ ወዲያ ውሃ ነው። ጮኼ ጨርቁን ገፈፍኩት። እጄ አለች።

“ይሄ ኮምፒዩተር ጅል ነው፣ እህቴ። አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ አውጣ፣ በምትኩ ባሕር አስገባ ብዬዋለሁ። እናትሽን ከጨርቁ መለየት አይችልም። እኔም ሳላይ ለቀቅሁት፣ ይቅርታ” አለኝ። ባሕር ያልገባበትን፣ መጀመሪያ ያነሳውን ምስል በሌላ ካሴት ቀድቶ ሰጠኝ። እዚያ ላይ አዮ ሙሉ ናት።

አሥር ሰዓት ላይ ቤት ደረስኩ። ቴሌቪዥኑንና ዴኩን እንደገና ተውሰን፣ አዮን በትራስ ደግፈን ካሴቱን ከፈትነው። ግድግዳችን አለ፣ ጨርቁ አለ፣ አዮ ከነአካሏ ፊቱ ቆማለች። አክስቴ “አልሃምዱሊላህ! ይኸው እኮ!” አለች።

አዮ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች። “ይሄ ቀድሞ ነው። ያኛው በኋላ የመጣ ነው። ሰው መጀመሪያ ሙሉ ነው፤ ኋላ ነው የሚጎድለው።”

የግርማን ጅል ኮምፒዩተር ላስረዳት ሞከርኩ፣ እጄን ከእሱ ይዤው በመጣሁት ቁራጭ ጠቅልዬ አሳየኋት። ዓይኗን ጨፈነች። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ከማውጣት ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

“አዮ፣ የኔ ጥፋት ነው። ሰውየው አረንጓዴ የለበሰ እንዳይቆም ንገሪ ብሎኝ ነበር። አልነገርኩሽም።”

ዓይኗ ተገለጠ። “መቼ ነው ያለሽ?”

“ከመቆምሽ በፊት።”

“ታውቂ ነበር? አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ስሞት እያየሽ?”

ሳምንት ሙሉ ያልተነሳችው ሴትዮ ተነሳች። እንዴት እንደደረሰችብኝ አላየሁም። ጥፊው ጆሮዬ ላይ ሲያርፍ ቤቱ ዞረብኝ። አክስቴ ከኋላ አቀፈቻት። “ኧረ ተይ፣ ትወድቂያለሽ!”

“ልቀቂኝ! ገና አልጨረስኩም!”

ግን አልደገመችኝም። መዳፏን አየችው፤ ቀልቷል። ገለበጠችው፣ ጨበጠችው፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ዳሰሰች። ቀስ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። “አላህ ቢወስደኝ ኖሮ ምን እላለሁ። የወሰደችኝ ይቺ ዝምተኛ ከሆነችማ… ይኸው መዳፌም ይለበልበኛል” አለች። “ገንፎ የለም?” ስትል አክስቴ እያለቀሰች ወደ ጓዳ ሮጠች።

አዮ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራ፣ ጀማልንም አዝላ አሳድጋ፣ በጊዜዋ ሞተች። አረንጓዴ ሻርፗ እስከ ዛሬ እኔ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የግርማ ጨርቅ ቁራጭም አብሮት አለ።

ጀማል ይሄን ሁሉ ሳይስቅ ሰማኝ። ስጨርስ “ያንተስ ጨርቅ የታለ? ቀለሙን ንገረኝ” አልኩት።

“አሁን ጨርቅም አያስፈልግም፣ እማ። ኮምፒዩተሩ ራሱ ሰውየውን ከኋላው ካለው ለይቶ ያወጣዋል።”

ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ግን ጨርቅ በእጄ ነክቼ ነበር ያመንኩት። አሁን በየስልኩ ቤት ሲነድ፣ ሰው ሲወድቅ ያሳዩናል። እኛ ደግሞ በእውነት የነደደ ቤት ያየን ሰዎች ነን። የቱ እንደነደደ፣ የቱ እንዳልነደደ በምን እለያለሁ? ሀያት በተጫወተች ቁጥር ልጄ እየነደደ፣ እየተነሳ ይሄዳል። ስልኩን ቀምቼ እንዳልደብቀው አካሄዱ ይናፍቀኛል፤ እንዳላየው እሳቱ አለ።

ለአረፋ በዓል ና አልኩት፣ መጣ። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ከአውቶቡሱ ወረደ፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ ግራ እግሩን ጎተት፣ ቀኝ ትከሻውን ቀደም እያደረገ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ የራሱ ነው። “አሰላሙ አለይኩም፣ እማ!” ብሎ እጁን ሲዘረጋ ሳላስበው ጉንጩን በጥፊ አልኩት።

መንገደኛው ዞሮ አየን። ጀማል ጉንጩን ይዞ “ምን አደረግኩ?” አለኝ።

“ምንም” አልኩት። መዳፌ ይለበልበኛል፤ ቦርሳውን በሌላው እጄ ተቀበልኩት። “በል ቅደም። ከኋላህ ልሂድ።”