የእትዬ ኤርና መርዶ

ትናንት ጠዋት፣ እዚሁ ካልጋሪ፣ መርዶ ነጋሪ ሆኜ ነበር...

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከማስታምማቸው አንዷ ጀርመናዊት ናቸው፤ መቶ ዓመት ሊደፍኑ ምንም አልቀራቸው። እኔና ባልደረባዬ ብርቱካን «እትዬ ኤርና» ነው የምንላቸው።

በወጣትነታቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እዚያው ጀርመን የፊልም ተዋናይ ነበሩ። ሁሌ እንዲጫወቱ የሚሰጧቸው ባሏ ወይም ወንድሟ ግንባር ላይ የሞተባትን ሴት ነው። መርዶው ይመጣል፣ ቀና ይላሉ፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ... በቃ። ማልቀስ ክልክል ነበር፤ መንግሥት የሚፈልገው የማታለቅስ ሴት ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ያንን ፊት ማየት የሚፈልግ ሰው ጠፋ። ካናዳ መጥተው ልብስ ሰፊ ሆኑ።

ትናንት ታዲያ ሱፐርቫይዘሬ ጠራችኝ። ቫንኩቨር ያለው አንድያ ልጃቸው ሞቷል። የልጅ ልጃቸው ደውላ እናንተው ንገሯቸው ብላለች። ቁርስ ስታበያቸው ንገሪያቸው አለችኝ።

ብርቱካን ኦፍ ነበረች፤ ደወልኩላት።

«መርዶ ከኦትሚል ገንፎ ጋር ነው እንዴ የሚቀርበው? ዌይት አድርጊኝ፣ ብቻሽን እንዳትነግሪያቸው» አለችና ከሰፈሯ ከማርቲንዴል ሁለት ነጠላ ይዛ ከች አለች። ዘቅዝቀን ለብሰን ገባን።

እትዬ ኤርና ፊታችንን አዩ። ነጠላችንን አዩ።

«ልጄ ነው?»

«አዎ» አልኩ።

ቀና አሉ። ጸጉራቸውን አስተካከሉ። አገጫቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን መለስ አደረጉ... ከዚያ ቁርሴን አቅርቢልኝ አሉኝ።

ብርቱካን ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች፤ ሰውየውን በዓይኗ እንኳ አይታው አታውቅም። እሳቸው ማንኪያቸውን አስቀምጠው ሲያዩዋት ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«እንዴት ነው የሚጀመረው?»

«ምኑ?»

«ለቅሶው። ማንም አሳይቶኝ አያውቅም።»

ላሳያቸው ብዬ አቃተኝ። ውስጤ ደንዝዟል፤ ማዘን እየፈለግኩ ምንም የለም። ለካ ድሮም እንዲህ ነኝ... የአባቴን መርዶ የሰማሁት ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል ሰፈር ዌርሃውስ ውስጥ ስሠራ፣ ብሬክ ላይ፣ በስልክ ነው። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ሺፍቴን ጨረስኩ። እስከ ዛሬ አላለቀስኩለትም።

እሳቸውንስ የፊልም ዳይሬክተር ነው እንዳያለቅሱ ያዘዛቸው... እኔን ማን እንዳዘዘኝ እንጃ።