ጣቢያ ውስጥ የመረጥኩት ትምህርት

የያዙኝ ጠዋት ነው። አዲስ ከተማ ባለው ቤታችን በር ላይ ልብስ አሰጣ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ስሜን ጠርተው፣ "ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ፤ አሁኑኑ ትመለሻለሽ" አሉኝ። እጄ እንደረጠበ ሄድኩ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የወረዳው ካድሬዎች ተማሪዎችን ሰብስበው ነበር። ስለ ልማት ከተናገሩ በኋላ "ጥያቄ ያለው?" ሲሉ እጄን አወጣሁ። የሲቪክስ መምህራችን ለምን ከሥራ ታገዱ ብዬ ጠየቅኩ። ሌላ ያደረግኩት ነገር አልነበረም።

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል ጠባብ ነው። ግድግዳው ሰው ሲደገፈው ኖሮ እስከ ትከሻ ድረስ ጠቁሯል። ጥግ ላይ ለሽንት የተቀመጠ ክዳን ያለው ባልዲ አለ። ከላይ ካለችው መስኮት የባጃጅ ድምፅ ይገባል። ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ልጃቸው እስኪገኝ ድረስ በእሱ ፈንታ የተያዙ አሮጊት ናቸው፤ እማማ እንላቸው ነበር። ሌላዋ የሆቴል ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ስልኳ ላይ በተገኘ ጽሑፍ ነው የመጣችው። በክፍሉ ደንብ አዲስ ገቢ የምትተኛው ባልዲው አጠገብ ነው። እማማ ግን ምንጣፋቸውን ሳብ አድርገው ከጎናቸው ቦታ ሰጡኝና፣ "ይቺ ገና ትማራለች፤ አፍንጫዋን አናበላሽባት" አሉ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ወደ መሰናዶ አልፌያለሁ። እስከ ዓርብ ድረስ ናቹራል ወይም ሶሻል ብሎ መመዝገብ ያስፈልጋል። ወላጅ ሄዶ ቢያስመዘግብም ይቻላል፤ ካልሆነ ግን ትምህርት ቤቱ ቦታ የተረፈበት ይመድባል። አባቴ የሆስፒታል ዘበኛ ነው፤ ዕድሜውን ለሐኪሞች በር ሲከፍት ኖሯል። አንድ ቀን ለእኔም እንዲከፍት ይመኝ ነበር። በእኛ ትምህርት ቤት ደግሞ ጥሩ ነጥብ ያመጣ ሁሉ ናቹራል ይገባል፤ ሶሻል የሰነፍ ነው ይባላል። እኔም ያሰብኩት ናቹራል ነበር።

ሐሙስ መርማሪው አስጠራኝ። ስለ ስብሰባው ጠይቆ ሲጨርስ ውጤቴን ጠየቀኝ። ነገርኩት።

"ጎበዝ ነሽ እኮ! ታዲያ ናቹራል ግቢያ። ፊዚክስ ሰውን ከመንግሥት ጋር አያጣላም። አንቺን ያበላሸሽ ይሄ ሲቪክስ ምናምን ነው" አለ። ድምፁ የቁጣ አልነበረም። "ነገ አባትሽ ይመጣል። ናቹራል በይው። ልብ መግዛትሽን ካየሁ፣ አብረሽው ትሄጃለሽ።"

ይህን ለሴቶቹ ነገርኳቸው።

"እና ምን ያስተክዝሻል?" አለች የሒሳብ ሠራተኛዋ። "እኔ ከዚህ ለመውጣት ኬሚስትሪን ራሱን አገባው ነበር!"

እማማ ስቀው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ። "ያ ሲቪክስ የምትሉት፣ ሰው ሲያዝ በስንት ቀን ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል?"

"በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ፣ እማማ።" ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር።

"እኔ የመጣሁት ፍልሰታ ሳይገባ ነው። ጾሙን እዚሁ ፈታሁት" አሉ። ቀጥለውም፣ "ይህን ለእነሱ የሚነግር የተማረ ሰው የለም?" ብለው ጠየቁኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም። መልስ እንዳለኝ ሁሉ ፊቴን ያዩ ነበር።

ዓርብ ጠያቂ ገባ። በእኛና በቤተሰብ መካከል ገመድ ተወጥሯል። ፖሊሱ ምግቡን በእንጨት እያማሰለ ይፈትሻል። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ መጥቷል። እንደ ቤታችን ልማድ በሲዳምኛ ሰላም ሲለኝ ፖሊሱ፣ "በአማርኛ! በአማርኛ ብቻ!" ብሎ ጮኸ። መርማሪው በሩን ተደግፎ ቆሟል።

አባቴ ቃላቱን እየመረጠ፣ "ልጄ፣ ከዚህ ወደ ትምህርት ቤት ነው የምሄደው። ምን ልበላቸው?" አለኝ።

"ሶሻል በላቸው፣ አባዬ።"

ፖሊሱ ሳቀ። "ምነው፣ ነጥብ አነሰሽ እንዴ?"

አባቴ መርማሪውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሕግ መማር እፈልጋለሁ።"

"እንግዲያው ጮክ ብለሽ ድገሚልኝ" አለ። "እዚያ ስደርስ እንዳልሳሳት።"

ደገምኩት። ከገመዱ ወዲያና ወዲህ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ። አባቴ አንገቱን ነቀነቀና ወጣ። መርማሪው በአገጩ ወደ ክፍሉ አመለከተኝ።

የፈቱኝ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። ዳኛ ፊት አልቀረብኩም፤ በምን እንደተከሰስኩም የነገረኝ የለም። ክፍል ስገባ ስሜ ከሶሻል ተማሪዎች ጋር ነበር።

አሁን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሕግ አልደረሰኝም፤ የተመደብኩት ታሪክ ነው። ቅር ያለኝ ቀን አለ፤ ግን እያጠናሁ ነው። የዶርም ጓደኞቼ የአሥረኛ ክፍል ውጤቴን ሲሰሙ፣ "ያን ሁሉ ነጥብ ይዘሽ ማን ሶሻል አስገባሽ?" ይሉኛል።

"አባቴ" እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም።