ሳትቀምስ የምትሠራው በረዶ

አላመንኩም ነበር። ጠዋት በትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ "መምህርት ዘይነባ አረፈች" የሚል መልእክት ሳይ፣ ለጻፈው ባልደረባችን ደውዬ ጮህኩበት። "ምን ዓይነት ቀልድ ነው?" አልኩት። የቀብሩን ሰዓት ነገረኝ። ያኔ ነው ያመንኩት።

ትናንት ከሰዓት እኮ በአጥር አውርተናል። ራሴን አሞኛል አለችኝ። ፀሐዩ ነው፣ ግቢና ጋደም በይ አልኳት። ሌሊት ሆስፒታል ሲወስዷት እንኳ አልሰማሁም።

ለማታውቋት፣ ዘይነባ እዚሁ አሰላ አብራኝ የምታስተምርና ስምንት ዓመት አጥር የተጋራን ጎረቤቴ ነበረች። የአርቦዬ ልጅ ናት። ዛሬ ሁላችሁም ስለ ደግነቷ እየጻፋችሁ ነው፤ እውነታችሁን ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ልናገር። በዘይነባ እቀና ነበር። የምቀናውም በበረዶዋ ነው። አትሳቁ።

አሰላ ላይ ማን በረዶ ይበላል ትሉ ይሆናል። እኛም እንደዛ እንል ነበር። ግን የሰሞኑን የመጋቢት ፀሐይ ታውቁታላችሁ። "እኛ አርቦዬ በሙቀት ስንቀቀል እናንተ እኮ ጋቢ ደርባችሁ ነበር" እያለች ታሾፍብን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፓፓያና ማንጎ ትፈጭና፣ ሎሚ ትጨምቅበትና፣ በትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ፍሪዘር ውስጥ ትከተዋለች። ገና ግማሽ በግማሽ ሲረጋ አውጥታ በሹካ ትፍቀዋለች። መልሳ ትከተዋለች። እንደገና ታወጣዋለች። ከሰዓት ላይ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ በሯ ላይ ነው፤ የኔዋ ሜሮን ደግሞ ከሁሉም ፊት።

እኔም ጀመርኩ። እንዲበዛልኝ ውሃ ጨመርኩበትና ድንጋይ ሆኖ ቁጭ አለ። ሜሮን አንዴ ላስ አደረገችና "እማዬ፣ ይሄ እኮ ውሃ ነው" ብላኝ ወደ ዘይነባ ሮጠች።

እንዴት እንደምትሠራው ጠየቅኳት። ምንም አልደበቀችኝም። "ሱታ ነው ፅጌ፣ ሱታ" አለችኝ። በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለቷ ነው። ተማሪ ሲያስቸግርም ሱታ፣ መብራት ሲጠፋም ሱታ፣ ደሞዝ ሲዘገይም ሱታ ነበር የምትለው። እኔ ግን የሆነ ነገር ደብቃኛለች ብዬ ሜሮንን እንድትሰልላት ላክኋት። ልጄ ተመልሳ "ምንም የለም፣ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች" አለችኝ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

አምና ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። እሷም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። ልጆቻችን ወተት ያለበት አይስክሬም ስለማይበሉ የሷ የፍራፍሬ በረዶ ተፈላጊ ሆነ። ዘይነባ እንኳን ልትቀምስ ውሃም ሳትጎነጭ ለኛ ልጆች ትሠራለች። እኔ ደግሞ በሥራ ቀን ሳይቀር በጠዋቱ ጾሜን እየገደፍኩ፣ አሥር ጊዜ እየቀመስኩ እሠራለሁ። የሷ ይጣፍጣል፣ የኔ አይጣፍጥም። ሳትቀምስ እኮ ነው! ይሄን አልቻልኩትም።

እና ክፉ ነገር ሠራሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለቆሙት እናቶች "እሷ ያልቀመሰችውን ነገር ለልጅ ይሰጣል እንዴ?" አልኳቸው። ሌላ አልጨመርኩም፤ እሱ በቂ ነበር። በዚያው ቅዳሜ በሯ ላይ ሦስት ልጆች ብቻ መጡ። በአጥሩ ቀዳዳ አይቼ ደስ አለኝ። ይሄንንም አልደብቅም።

ማን እንዳወራው ሰምታለች። አሰላ ምን የማይሰማ ነገር አለ? በሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እነዚያው እናቶች ደጅ ቆመው እያዩ፣ አንድ ኩባያ ይዛ ወደኔ መጣች።

"ፅጌ፣ አንቺ ቅመሽልኝ" አለችኝ። "የኔ ጾም እስከ ማታ ነው፣ አንቺ ቅዳሜ እህል ትቀምሻለሽ። ጎደለ ካልሽኝ እጨምራለሁ።"

ፊቷ ላይ ቂም ፈለግሁ። አላገኘሁም። ቀመስኩት። ፓፓያ ነበር። አፌ ውስጥ ገብቶ እንደ አመዳይ ሟሟ፣ ሎሚው ብቻ ቀረ። በሕይወቴ እንደዛ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

"ደህና ነው" አልኳት። "ስኳር ግን አንሶታል።"

"እሺ" አለችና ልትጨምር ተመለሰች። አመነችኝ!

እናቶቹ እኔ ስቀምስ ስላዩ ልጆቹ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ኩባያ በአጥር ታቀብለኝ ጀመር። ኢድ አልፎ ራሷ መቅመስ ስትችልም አልተወችም። እኔም በየሳምንቱ አንድ እንከን አወጣበታለሁ። ሎሚ በዛ። ቀጠነ። ማንጎው አልበሰለም። አንድ ቀን እንኳ ጣፍጧል አላልኳትም።

ዛሬ ከቀብሩ በኋላ ለቅሶ ቤት ስገባ ሜሮን የዘይነባን እህት አቅፋ ትንሰቀሰቃለች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እዚያም ቀናሁ። እኔ ብሞት እንዲህ ታለቅስልኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እህቷ ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ ነሽ ፅጌ?" አለችኝ። "ፅጌ ሳትቀምሰው ለልጆቹ አልሰጥም ትል ነበር። ሰው ሁሉ ይሸነግለኛል፣ ፅጌ ግን አትዋሽም ትለን ነበር።"

ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሰዎቹ ያዙኝ። በሐዘን መስሏቸዋል።

ዘይኔ፣ ዋሽቼሻለሁ። ያማሁሽ በሰው ፊት ስለሆነ ይሄንንም በሰው ፊት ልናገር። ያ የመጀመሪያው ፓፓያ ስኳር አላነሰውም። ሎሚው አልበዛም፣ አልቀጠነም፣ ማንጎውም በስሎ ነበር። በአንድ አጥር ርቀት ላይ ሆነሽ አንዲት ቃል ነፈግሁሽ።

አላህ ይዘንልሽ፣ ጎረቤቴ። ሱታ ሂጂ።

ጣፍጦ ነበር።