እትዬ ዘነቡ ቤት ዘው ያለው ጣልያን
መቱ ከተማ በጣልያን እጅ እያለች፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ጋ እውል ነበር። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሌላ ሰውም የላቸው። አንድ ቀን ከእግራቸው ሙጃሌ በመርፌ ሳወጣላቸው የጣልያን ወታደር ዘው አለ። የሟች ባላቸው ጠመንጃ ደግሞ ከተቀመጡበት መደብ ሥር ነው! ከተገኘ አለቀልን። ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ጣልያንኛውን እንደ ውሃ ስጠጣው የነበርኩት ልጅ፣ አንዲት ቃል እንኳ ጠፋችኝ።

«ምን ይላል?» አሉኝ እትዬ።

«ዝም ብሎ ያየናል።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል? ወጋሽኝ እኮ!»

ወታደሩ ወደ መደቡ ጎንበስ ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ጫማውን አውልቋል፤ በሙጃሌ ያበጠ አውራ ጣቱን ወደ መርፌዬ ዘረጋልኝ። እፎይ! ነገርኳቸው።

«ተራውን ይጠብቅ በይው!» አሉ እትዬ፣ ሌላኛውን እግራቸውን እያቀበሉኝ።